የቮልስዋገን ኮምቢ የዛገ ላሜራ ጥገና

የቮልስዋገን ኮምቢ የዛገ ላሜራ ጥገና ማለት በዝገት የተበላውን የአሮጌ ኮምቢ አካል ቆርጦ በማውጣት፣ በአዲስ ላሜራ በመተካት፣ በመበየድና መልሶ እንዳይዝግ በመከላከል የሚከናወን ሥራ ነው። ሥራው አልጋ፣ ማብሰያና ቁም ሳጥን ተገጥሞላቸው ለጉዞና ለማደሪያ በሚያገለግሉት፣ ካምፐር በሚባሉት ኮምቢዎች ላይ በብዛት ይሠራል። ኮምቢ እንደ ጭነት መኪና ከአካሉ ተነጥሎ ሊወጣ የሚችል ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ ጎኑና ከስሩ የተበየዱት ብረቶች አንድ ላይ ሆነው ክብደቱን ይሸከማሉ። ስለዚህ የኮምቢ ዝገት የመልክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይም ነው። በስቱኮና በቀለም የተሸፈነ ዝገት እንደተጠገነ አይቆጠርም።

ስለ መኪናው

የኮምቢ የመጀመሪያ ሐሳብ የመጣው ከኔዘርላንዳዊው የመኪና አስመጪ ከቤን ፖን ነው። ፖን እ.ኤ.አ. በ1947 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሞተሩ ከኋላ፣ ሾፌሩ ከፊት የሆነ ሳጥን መሰል መኪና ነድፎ ነበር። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1950 በጀርመን ቮልፍስቡርግ ከተማ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ወደ ሃኖቨር ፋብሪካ ተዛወረ። የፊት መስታወቱ ለሁለት የተከፈለው የመጀመሪያው ትውልድ ቲ1 ይባላል፤ በጀርመን እስከ 1967 ተመርቷል። ተከታዩ ቲ2 አንድ ወጥ የሆነ ሰፊ የፊት መስታወትና ተንሸራታች የጎን በር ያለው ሲሆን በጀርመን ከ1967 እስከ 1979 ተሠርቷል። በብራዚል ግን የኮምቢ ምርት እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ቀጥሏል።

ዌስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኮምቢን ወደ ካምፐር የሚለውጡ ዕቃዎችን ያቀርብ ነበር። ተጣጥፎ የሚዘረጋ አልጋ፣ የእንጨት ቁም ሳጥን፣ የውኃ ማጠራቀሚያና ወደ ላይ የሚከፈት ጣሪያ የዚህ ድርጅት ካምፐሮች መለያ ሆነዋል።

በጀርመን ከተመረቱት ቲ2 ኮምቢዎች የመጨረሻዎቹ እንኳ ዛሬ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በዚያ ዘመን አካላቸው የሚሠራው በዚንክ ካልተለበጠ ተራ የብረት ላሜራ ነበር። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝና ቀላል ስለሆነ በቀላሉ ይጠገናል ወይም ይለወጣል። በዚህ የተነሳ የአንድን አሮጌ ኮምቢ ዕድሜ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ሳይሆን ላሜራው ነው። እንደ ካሊፎርኒያ ካሉ ደረቅ አካባቢዎች የሚመጡ ኮምቢዎች በገዢዎች ዘንድ የሚፈለጉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ዝገት እንዴት ይፈጠራል

ዝገት ብረት ከውኃና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ውሁድ ነው። በእርጥብ ብረት ላይ አንዱ ቦታ ኤሌክትሮኖችን እየለቀቀ ይሟሟል፤ ሌላው ቦታ ላይ ደግሞ ኦክስጅን እነዚያን ኤሌክትሮኖች ይቀበላል። ሂደቱ እንደ ትንሽ ባትሪ ስለሆነ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ እርጥበት ያስፈልገዋል። ጨው የተቀላቀለበት ውኃ ከንጹሕ ውኃ በተሻለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን የዚያ አካባቢ መኪኖች ከስራቸው ቶሎ ይበላሉ።

አሉሚኒየም በአየር ውስጥ የሚፈጥረው ስስ ሽፋን ከስሩ ያለውን ብረት ከተጨማሪ ጉዳት ይጠብቀዋል። የብረት ዝገት ግን እንዲህ አይደለም። ዝገት ስንጥቅ የበዛበትና ውኃ የሚያሳልፍ ስለሆነ ከስሩ ያለው ብረት መበላቱን ይቀጥላል። በተጨማሪም ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። በመሆኑም ሁለት ላሜራዎች በተነባበሩበት ስፌት ውስጥ ሲፈጠር ላሜራዎቹን ይገፈትራቸዋል፤ ስፌቱ ይከፈትና ተጨማሪ ውኃ ያስገባል።

ቀለም ላይ የሚታየው ትንሽ እብጠት የዝገቱ መጀመሪያ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ነው። ውኃው የሚጠራቀመው ላሜራው ከውስጥ በኩል ስለሆነ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። እብጠቱ ከውጭ በታየበት ጊዜ በዚያ ቦታ ያለው ብረት ሳስቷል ወይም ተበስቷል። የሳንቲም ያህል የሚታይ እብጠት ሲቦረቦር የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ሊወጣው ይችላል።

በብዛት የሚዝጉ ቦታዎች

በቲ2 ኮምቢ ላይ ዝገት የሚበዛው ውኃና ጭቃ በሚጠራቀሙባቸው የታወቁ ቦታዎች ነው።

• የጎን ሳጥን፦ ከበሮቹ ስር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ የሚዘረጋው ክፍል ነው። የውጭ፣ የመካከልና የውስጥ ላሜራ ያለው ሲሆን የመኪናውን ወገብ የሚያጠነክረው እሱ ነው። በመንገድ ጭቃና በውስጡ በሚጠራቀም እርጥበት ከሁለቱም በኩል ይበላል።

• የክሪክ መደገፊያዎችና ወለሉን የሚሸከሙት ተሻጋሪ ብረቶች፦ ከወለሉ ስር በጎማ የሚረጭ ጭቃ ይጠራቀምባቸዋል።

• የፊት መስታወት ዙሪያ፦ የፓራብሬዛው ጎሚኒ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ውኃ ከስሩ ይገባል። በተለይ ሁለቱ የታች ማዕዘኖች ቶሎ ይበላሉ።

• የሾፌሩ ክፍል ወለል፦ ከመስታወቱ ዙሪያ የገባው ውኃ ወርዶ ከምንጣፍ ስር ይተኛል።

• የጣሪያ አሸንዳ፦ ጣሪያውን ከጎኑ ጋር የሚያገናኘው ስፌት ያለው በዚህ ቦታ ነው። የስፌቱ ማሸጊያ ሲሰነጠቅ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል።

• የተንሸራታቹ በር የታችኛው ጠርዝ፦ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በአቧራ ሲደፈኑ በሩ ውኃ የያዘ ገንዳ ይሆናል።

• የባትሪ ማስቀመጫ፦ ባትሪው የሚቀመጠው በሞተሩ ክፍል ውስጥ ሲሆን የሚፈሰው አሲድ ከስሩ ያለውን ላሜራ ይበላዋል።

በካምፐር ላይ ሌላ ተጨማሪ ችግር አለ። በመኪናው ውስጥ ምግብ ሲበስልና ሰው ሲያድር ከትንፋሽና ከእንፋሎት የሚወጣው እርጥበት በቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ወደ ውኃነት ይለወጣል። ሙቀት ለመጠበቅ ከእንጨት ልባሱ ኋላ የተጠቀጠቀው ሱፍ መሰል ነገር ይህንን ውኃ እንደ ስፖንጅ ይይዘዋል። ቁም ሳጥኑና አልጋው ግድግዳውን ስለሚሸፍኑትም ጉዳቱ ለዓመታት ሳይታይ ይቆያል።

ምርመራ

ጥገና ከመጀመሩ በፊት የጉዳቱ ስፋት ይለካል። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ማግኔት ብረትን እንጂ ስቱኮን አይስብም። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በላሜራው ላይ ሲንሸራሸር ድንገት የሚላላበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ስር ወፍራም ስቱኮ ወይም ፋይበርግላስ እንዳለ ያመለክታል። ትንሽ መዶሻም ይጠቅማል፤ ጤነኛ ላሜራ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከስር ያሉት ወፋፍራም ብረቶች በካቻቢቴ ጫፍ ይወጋሉ፤ ካቻቢቴው ከገባ ብረቱ አልቋል ማለት ነው።

ምንጣፉ፣ የእንጨት ልባሱና የጎኑ ቁም ሳጥን ሳይወጡ የሚደረግ ምርመራ ያልተሟላ ነው። ብዙ ጊዜ ጥገናው ከታሰበው በላይ ወጪና ጊዜ የሚጠይቀው ምርመራው ከውጭ ብቻ ስለተደረገ ነው።

የጥገናው ቅደም ተከተል

አካሉን መደገፍ

የጎን ሳጥኑ ሲቆረጥ የኮምቢው ወገብ ይላላል። መኪናው በተገቢው ቦታ ካልተደገፈ ወለሉ ይጎብጣል፤ በዚያው እንዳለ አዲሱ ብረት ከተበየደም ጉብጠቱ ቋሚ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ተንሸራታቹ በር አልዘጋ ይላል። ይህንን ለመከላከል አራት ነገሮች ይደረጋሉ፦ መኪናው በደረጃ ልክ ይደገፋል፣ በበሮቹ ክፍተት ላይ ጊዜያዊ የብረት ዘንጎች በአግድምና በሰያፍ ይበየዳሉ፣ ከመቁረጡ በፊት የበሮቹ ክፍተት ተለክቶ ይመዘገባል፣ ከሁለቱ ጎኖችም አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም።

ቆርጦ ማውጣት

ቀለሙና ስቱኮው ተፍቆ የዝገቱ ዳርቻ ይፈለጋል። መቆረጥ ያለበት በቀዳዳው ጠርዝ ሳይሆን ላሜራው ሙሉ ውፍረቱን በያዘበት ቦታ ነው። የሳሳ ብረት የብየዳውን ሙቀት ስለማይችል ይቀልጣል፤ ቀዳዳውም እየሰፋ ይሄዳል። በፋብሪካ የነጥብ ብየዳ የተያያዙ ክፍሎች እያንዳንዱ ነጥብ በመሰርሰሪያ እየተበሳ ይለያያሉ። ቆሻሻና የተፈረፈረ ዝገት ከሳጥኖቹ ውስጥ ተጠርጎ ይወጣል።

አዲሱን ላሜራ ማዘጋጀት

ለቲ2 ተዘጋጅተው የሚሸጡ ክፍሎች በብዛት ይገኛሉ። ጥራታቸው ስለሚለያይ ከመበየዳቸው በፊት በቦታቸው ተይዘው ይሞከራሉ፤ በሩም ተገጥሞ ይዘጋል። ጠፍጣፋ ወይም ትንሽ ጎበጥ ያለ ክፍል በባለሙያ እጅ ከተራ ላሜራ ሊሠራ ይችላል። መጀመሪያ በካርቶን ልኩ ይወጣል፣ ከዚያ በላሜራ መቀስ ይቆረጣል፣ በመጨረሻም በመዶሻና በመደገፊያ ብረት ቅርጽ ይይዛል። ለውጭው አካል ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ የተለመደ ነው፤ ክብደት ለሚሸከሙት ክፍሎች ከዚህ የወፈረ ይጠቀማሉ።

ብየዳ

ለቀጭን ላሜራ የሚመረጠው ሚግ የሚባለው በጋዝ የሚሸፈን የሽቦ ብየዳ ሲሆን 0.6 ሚሊሜትር ሽቦ በብዛት ያገለግላል። ተራው የኤሌክትሮድ ብየዳ ለበርና ለአጥር ብረት ጥሩ ቢሆንም ቀጭን ላሜራን በቀላሉ ይበሳል። የኦክስጅንና የአሴቲሊን እሳት ጥሩ ብየዳ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ላሜራውን ሊያሸበሽበው ይችላል።

ላሜራ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ረጅም መስመር በአንድ ጊዜ ከተበየደ የኮምቢው ሰፊና ጠፍጣፋ ጎን እንደ ተጨማደደ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ ብየዳው በነጥብ ይጀመራል። በያጁ አንድ ነጥብ ከመታ በኋላ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዶ ሌላ ይመታል፤ የመጀመሪያው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅና በመካከላቸው ሌላ ይጨምራል። ነጥቦቹ እስኪገናኙ ድረስ ይህ ይደጋገማል። ሥራው አዝጋሚ ቢመስልም የተሸበሸበን ላሜራ መልሶ ከማቅናት ይቀላል።

ሁለቱ ላሜራዎች ጠርዝ ለጠርዝ ሲገጠሙ መጋጠሚያው ውኃ የሚይዝ ድርብርብ አይኖረውም። መደራረብ ግዴታ በሚሆንበት ጊዜ፣ ለምሳሌ የፋብሪካው የነጥብ ብየዳ በነበረበት ቦታ፣ ላይኛው ላሜራ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎች ይበሳና ቀዳዳዎቹ በብየዳ ይሞላሉ። በላሜራዎቹ መካከል የሚገኘው ገጽ አስቀድሞ ብየዳን በሚችል የዚንክ ቀለም ይቀባል።

ስቱኮና ቀለም

ብየዳው ተሞርዶ ከተስተካከለ በኋላ ባዶው ብረት ሳይውል ሳያድር በፀረ ዝገት ቀለም መሸፈን አለበት። ለዚህ ኤፖክሲ ተመራጭ ነው፤ ምክንያቱም ውኃ በቀላሉ አያሳልፍም። ስቱኮ ግን ውኃ ይመጣል። ስለሆነም ስቱኮ የሚቀባው በታሸገና ቀዳዳ በሌለው ብረት ላይ፣ ለጥቂት ሚሊሜትር ጎድጓዳነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ስፌቶቹ በማሸጊያ ማስቲሽ ይደፈናሉ። ከስር ያለው ክፍል በጠጠር በማይጎዳ ወፍራም ልባስ ይሸፈናል። የውጭው ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ ቀለም ይቀባል።

የውስጥ ክፍተቶችን መከላከል

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ብየዳ በላሜራው የኋላ ገጽ ያለውን ቀለም ሁሉ ያቃጥላል። የጎን ሳጥኑ ተዘግቶ ከተበየደ በኋላ ውስጡ ባዶ ብረት ስለሚሆን ከውጭ የሚያምረው ጥገና ከውስጥ ወዲያው መዛግ ይጀምራል። መከላከያው ለዚህ የተዘጋጀ ሰም ነው። ሰሙ በረጅም ቱቦ በኩል ወደ ሳጥኖቹ ውስጥ ይረጫል፤ ወደ ስፌቶቹ ሰርጎ ይገባና ውኃ እንዳይደርስባቸው ያደርጋል። ሰም ስለሚቀጣጠል የሚረጨው ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹም በሰሙ እንዳይደፈኑ ይጠበቃሉ።

ጊዜያዊ መፍትሔዎችና ገደባቸው

ዝገትን የሚለውጡ ፈሳሾች አብዛኛውን ጊዜ ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒን አለባቸው። ፎስፎሪክ አሲድ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት፣ ታኒን ደግሞ ጠቆር ወዳለ የብረት ታኔት ይለውጠዋል። ገና ብረቱን ላልበላ የገጽ ዝገት ይጠቅማሉ። የጠፋ ብረትን ግን አይመልሱም፤ በወፍራም የዝገት ቅርፊት ውስጥም አልፈው ጤነኛው ብረት ጋ አይደርሱም።

በቀዳዳ ላይ ፋይበርግላስ መለጠፍና በላዩ ስቱኮ መቀባት ርካሽ ነው። ሆኖም ዝገቱ ከስሩ ስለሚቀጥል ከጥቂት ክረምቶች በኋላ እብጠቱ ተመልሶ ይመጣል። በዛገ ላሜራ ላይ ሌላ ላሜራ ደርቦ መበየድም ተመሳሳይ ነው፤ በሁለቱ መካከል እርጥበት የሚይዝ ኪስ ይፈጠራል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ጉዳቱ ከዓይን መሰወሩ ነው። አዲሱ ገዢ ጤነኛ የሚመስል መኪና ገዝቶ በተበላ ወገብ ይጓዛል። ግጭት በሚደርስበት ጊዜ የጎን ሳጥኑ፣ የወንበሩና የቀበቶው ማሰሪያ ተሳፋሪውን የሚይዙት ብረቱ ካለ ብቻ ነው።

የሥራ ደኅንነት

ካምፐር ውስጥ ብየዳ ከተራ መኪና ይልቅ ለእሳት አደጋ የተጋለጠ ነው። መጋረጃው፣ ፍራሹ፣ የእንጨት ልባሱና ከኋላው ያለው ሙቀት መጠበቂያ በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። ስለዚህ ከብየዳው በፊት እነዚህ ሁሉ ይወጣሉ፤ የማብሰያው ጋዝ ሲሊንደርና የነዳጅ ታንኩም ከመኪናው ይወርዳሉ፤ ባትሪው ይነቀላል። የተደበቀ ፍም ዘግይቶ ሊነሳ ስለሚችል ሥራው ካለቀ በኋላም ቦታው ለተወሰነ ጊዜ ይጠበቃል። እሳት ማጥፊያ በአቅራቢያ ይቀመጣል።

አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሲፋቅ አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ ተስማሚ ጭንብል ያስፈልጋል። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስከትላል። አንዳንድ በማጠንከሪያ የሚደባለቁ የመኪና ቀለሞች አይሶሳይኔት የተባለ ኬሚካል አላቸው፤ ይህም አስም ስለሚያስነሳ ተራ የአቧራ ጭንብል አይበቃም። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር መግባት ፈጽሞ አይገባም።

ሕግና የቴክኒክ ምርመራ

በብሪታንያ ኤም ኦ ቲ በሚባለው ዓመታዊ ምርመራ መርማሪው የፍሬን፣ የመሪ፣ የሞላና የደኅንነት ቀበቶ ማሰሪያዎች ባሉበት በ30 ሴንቲሜትር ዙሪያ ያለውን ብረት በተለይ ይመለከታል። በዚህ ክልል ውስጥ የተዳከመ ብረት መኪናውን ይጥለዋል፤ በስቱኮ ወይም በፋይበርግላስ የተሠራ ጥገናም ተቀባይነት የለውም። ከ2018 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪኖች ከዚህ ምርመራ ነፃ ሆነዋል፤ ብዙዎቹ አሮጌ ኮምቢዎችም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይሁን እንጂ መኪናውን ለመንገድ ብቁ አድርጎ የመያዝ ኃላፊነት ከባለቤቱ ላይ አልተነሳም። ስለዚህ ዝገትን የመፈለጉ ሥራ የባለቤቱ ራሱ ሆኗል።

በጀርመን የግል መኪኖች በመደበኛነት በየሁለት ዓመቱ ይመረመራሉ። ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ በጥሩ ይዞታ ያለና የመጀመሪያ መልኩን የጠበቀ መኪና ኤች የሚል ፊደል ያለበት የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ ማግኘት ይችላል።

የሙያው ቃላት በአማርኛ

በኢትዮጵያ ጋራዦች የሚሠራባቸው ብዙ የሙያው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ላሜራ የመጣው ላሚዬራ ከሚለው ቃል ሲሆን የብረት ዝርግ ማለት ነው። የተጎዳ ላሜራን በመዶሻ የሚያቀናው ባለሙያ ባትላሜራ ይባላል፤ ቃሉም በጣሊያንኛ ላሜራ መቺ ማለት ነው። ስቱኮ፣ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ጭቃ መከላከያ)፣ ፓራብሬዛ (የፊት መስታወት)፣ ካቻቢቴ፣ ብሎንና ሞርሳ የሚሉትም ከዚሁ ቋንቋ የተወረሱ ናቸው።